ሐረጎ ላይ

ሐረጎ ዳገት ላይ ፊያቷ ፈላችና
ወረድን ሦስታችን፣ ውሃ ይዘን፣ እንደገና።
ይማም ከኋላዋ ኮፈኗን ሲከፍት፣
«ልክ እዚችው ኩርባ! መች አመሏን ትስት።

ስልክህ ስንት ሞላው?»
«ሁለት ዓመቱ ነው፤
አርጅቶ ተኛብኝ።»
«የእሷን ሊብሬ እየው፣
ያያቴ ፊርማ ነው።»

ጠጥታም እምቢ አለች። ሙሄ ስልክ አወጣ፣
አንድ ጣሊያን መጣ፣ ሽማግሌ፣ መላጣ፤
ካርቡሬተር ይፈታል፣ ብዙ ይለፈልፋል፣
አፉ አይገባንም፣ እጁ ግን ይገባል።
«ቀኝ ነው ወይስ ግራ?» ብለን ስንጠይቀው
መስታወቱ ጠፋ፤ ባትሪው ነው ያለቀው።

ይማም በጥርስ ብሩሽ ጠረገ፣ እፍ አለ፣
ግማሽ ዙር አዞረ፣ ጆሮውን ጣለ።
ሳለች፣ ደግማ ሳለች፣ ተነሳች አሮጊት።
ሙሄ ቀስ ብሎ ስልኩን ሰካባት።

«ይጥባ» አለ ይማም፣ «ደሴ እስክንገባ፤
ዳገት እየወጣች ልጅ የምታጠባ
የት ታገኛለህ?»