በሰም የታሸገ

ማክሰኞ ነው፤ አራት ሰዓት ተኩል፤ ሸዋ ሮቢት፤
የአዳራሹ ማራገቢያ ያቃስታል፣ እንደታመመ ሰው ሌሊት።
ሦስት ጥቅል ጠረጴዛው ላይ፤
የቆላው ሙቀት ቀደመን፣
ሰሙን ማለስለስ ጀመረ ከላይ።

እኔ የኮሚቴው ጸሐፊ ነኝ፤
ድምፅ የለኝም፤ ብዕር አለኝ።

ሐዲዱ ከተዘረጋ ሰነበተ፤
ፍየል ተሻገረው፣ ልጅ ሚዛን መጠበቅ ተማረበት፣
በዳሩ ማሾ አሰጡበት፣
ባቡር ብቻ አልመጣበት።
አሁን ደብዳቤ ደረሰን፦
ለዐሥራ ሁለት ዓመት መንገደኛ የሚያመላልስ ይመረጥ፤
ነጥብ ቁጠሩ፣ ፈርሙ፤
ልባችሁ ከመመሪያው አይብለጥ።

ሊቀመንበሩ አቶ ሽመክት መነጽራቸውን ወለወሉ፤
«ሰባው ለቴክኒክ፣ ሠላሳው ለዋጋ።
ቴክኒኩን ያላለፈ፣ የዋጋ ፖስታው አይከፈትም» አሉ።

የመጀመሪያው ጥራዝ ያብረቀርቃል፤
ሥዕሉ ላይ ባቡር አለ፣ የእኛ ያልሆነ ሰማይ ሥር፤
ወንበሩ ቆዳ፣ ትኬቱ በስልክ፤
ስለ ሮቢ ወንዝ ግን የለውም አንድ መሥመር፤
«ለማንኛውም የአየር ጠባይ ዝግጁ ነን» ይላል፣
በደማቁ፣ በወፍራም ቀለም።

ሁለተኛው ቁጥር አዋቂ ነው፤
ሠንጠረዡ ውስጥ የተሳሳተ ድምር የለም።
እኛ ከተማ የሚቆመው
ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ ለአራት ደቂቃ፤
ይህም በግርጌ ማስታወሻ፣ በጉንዳን ጽሕፈት፤
አጉሊ መነጽር ላልያዘ ሰው አይበቃ።

ሦስተኛው በሲባጎ የታሰረ።
ልሳነወርቅ የሚሉት ሐዲድ ጠጋኝ፣ ከድሬዳዋ ጡረታ የወጣ፣
ከስምንት ባልንጀሮቹ ጋር ማኅበር መሥርቶ የመጣ።
መሥመሩን በእግሩ ሄዶታል፤
ነሐሴ ላይ ደራሹ የነካውን የድልድይ እግር
በኖራ ለክቶ፣ በእጁ ሥሎታል።
«በገበያ ቀን አንዱ ፉርጎ ወንበር አይኑረው» ይላል ገጽ አርባ፤
«የሽንኩርት ጆንያ ወንበር አይፈልግም፤
ባለቤቲቱም ከጆንያዋ ተለይታ አትገባ።»

እዚህ ላይ ብዕሬን ረሳሁ።
ገጹን ገለጥኩ።
ገጽ አርባ አንድ ላይ
ማኅተም የለም።

አንድ ገጽ። አንድ ክብ፣ ሰማያዊ ቀለም።

«ረስቶ ነው እኮ» አለ አንዱ።
አቶ ሽመክት መመሪያውን ገለጡ፣ ጣታቸው አንቀጹ ላይ ቀረች፤
ክፉ ሰው አይደሉም፤
ጣቷ ትንሽ ተንቀጠቀጠች።
«ዛሬ ለደጉ ሰው ካጎበጥነው፣
ነገ ለሌባው ምን ብለን እናቀናዋለን?»
ዝም አልን።
እኔ እስከ ዛሬ መልሱን አላገኘሁም።

ጻፍ አሉኝ፤ ጻፍኩ፦
«ሦስተኛው ተጫራች በአንድ ገጽ ማኅተም ባለማሳረፉ ከውድድሩ ወጥቷል፤
የዋጋ ፖስታው እንደታሸገ ይመለስለት።»

መስኮቱ ሥር ዘሀራ ሙሔ ከነጆንያዋ ጥላ ይዛለች፤
ጨረታው ለሕዝብ ክፍት ነው ሲባል ሰምታ አንገቷን አስገባች፦
«ማንም ያሸንፍ ማን፣
እዚህ የሚቆመው በስንት ሰዓት ነው?» ብላ ጠየቀች።
ይህን የሚመዝን ዐምድ ፈለግሁ፤
ከሰባውም አጣሁት፣ ከሠላሳውም።
መልሱን ከግርጌው አውቀዋለሁ፤
ድምፅ የለኝም አልኩ ለራሴ፣
ጥያቄዋን ብቻ በእርሳስ ኅዳጉ ላይ ጫርኩ፣
እሱንም ቀጠን አድርጌ፣ በሚጠፋ ጽሕፈት።

ሁለተኛው አሸነፈ።
ተጨበጨበ፤ የታሸገ ውሃ ታደለ።

ልሳነወርቅ ፖስታውን በሁለት እጁ ተቀበለ።
በሩ ላይ ተከተልኩት፣ ሕጉን ጥሼ፤
«ስንት ነበር ያስገባኸው?» አልኩት ድምፄን ቀንሼ።
ሳቀ።
«መመሪያው አይፈቅድም፣ ጸሐፊ» አለኝ፣
በሐዲዱ ዳር ዳሩን ይዞ ወደ አጣዬ አቀና።

የቅኔው ሰው ሰሙን ገፎ ነበር ወርቅ የሚያወጣ፤
እኔ ሰሙን በእጄ ይዤ፣ ወርቁ በእግሩ ወጣ።

ቃለ ጉባኤውን አትሜ፣ አስፈርሜ፣ ፋይል አደረግሁ።
ፖስታውን ሳቀብል የነካኝ ቀይ ሰም
አውራ ጣቴ ላይ ደርቋል፤
በሳሙና አሸሁት፣
በጥፍሬ ፋቅሁት፤
እስከ ማታ አልለቀቀም።