ቀልቤ የወረደበት ፌርማታ

ጎተንበርግ፣ ማለዳ፣ ዝናቡ ወንፊት ነው፤
በአሥራ አንድ ቁጥር ትራም፣ ቀጠሮ ያለው ሰው
ሆኜ ተቀምጫለሁ።
ቀጠሮው ስለዚሁ፣ ስለ ቀልቤ ነው።
"አራተኛው ፌርማታ፣ አራተኛው" እላለሁ፣
እንደ ዳዊት ደጋሚ ከንፈሬን እያላወስኩ።

አንዲት ሴት ገባች፤ ከጃንጥላዋ አንድ ዘንግ ወልቋል።
ንፋስ ነው የነቀለው? ወይስ በር ላይ ተይዟል?
የውሻዋ ማሰሪያ ቀይ ነው።
ቀይ... የምድጃው መብራት! አጥፍቼ ወጣሁ?
ወተት ጥጄ ነበር? ወይስ ትናንት ነው የጣድኩ?

የፌርማታውን ስም ሲጠሩት ሰማሁ፤
የሌላ ሰው ስም መስሎኝ አቤት ሳልል ቀረሁ።

"ቀልብህን ሰብስብ!" ይሉኝ ነበር መምህር ጓንጉል።
በየትኛው እጄ? አሸዋ ላይ የፈሰሰ ጤፍ፣
አንዷን ስለቅም ሌላዋ ታባብለኛለች።
ያኔም የማየው
ዱላቸው ላይ ያረፈችውን ዝንብ ነበር።

ሾፌሩ መጣ። "ማብቂያው ነው" አለኝ።
ወረድኩ። ባሕር።
ስልኬ ጮኸ፤ ነርሷ ናት። "የት ደረሱ?"
ልመልስላት ስል፣ ከምሰሶው ጫፍ
አንድ የባሕር ወፍ በአንድ እግሩ ቆሟል።

"ይሰሙኛል?" አለች።
እሰማለሁ፣ እመቤቴ፣ በሙሉ ጆሮዬ፤
ግን ይህ ወፍ እግሩ አንድ ነው፣
ወይስ ሌላውን ከሆዱ ሥር አጥፎት?