የሆርዳላንድ ወንበር

ኪርያት ጋት፣ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ፣
ጥርሱን የሚታከም በተራ ሲገባ፣
አባ ቢያድግልኝ፣ ከወንበሩ ግርጌ ቀለሙ የነጣ
ማኅተም አዩና፣ “ይኼ ከየት መጣ?”

“ከኖርዌይ ነው፣ አባ። ሆርዳላንድ ይባላል፤
ክፍለ ሀገር ነበር፣ አሁን ግን ፈርሷል።
ንብረቱ ሲበተን ወንበሩ እኛ ጋ ደረሰ።”
“ሥራው ምን ነበረ? ስንቱን አስለቀሰ?”

“መንገድ ሲጠግን፣ በጀልባ ሲያሻግር፣
ጎረምሳ ሲያስተምር፣ አውቶቡስ ሲያሰማር፣
የልጆችን ጥርስ ሲያይ ነው የኖረው።”
“በቃ?”
“በቃ።”
ምራቅ የሚስበው ቱቦ ብቻ አንሾካሾከ።

“እኔም ግዛት ነበረኝ፣ በጌምድር የሚሉት፤
እሱንም ከካርታ አንድ ማለዳ ፋቁት።
ሹሙ ስሜን ያወቀው፣ ልጄ፣
ጥርሱ ውስጥ የገባሁ ዕለት ነው።
መንግሥት ጥርሴ ውስጥ ሲገባ ግን
ሰባ ስምንት ዓመት ቆጥሬ
ዛሬ ገና አየሁ፤
ያውም የሞተ መንግሥት።”

ወንበሩን አጋደምኩት።
“አፌን ልክፈት?” አሉኝ፣
ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣
በሩን በዓይናቸው ፈልገው።

“ይክፈቱት።”
መብራቱን አዞርኩላቸው
ወደ ጉድለቱ።