ከክርን በላይ

ዛሬ እንኳ «አንተ» ልበልህ፤ ጡረታ ወጥቻለሁ።

ውሃ ከክርንህ ላይ ጠብ እያለ ሲወርድ፣
ሁለት እጅህ ሽቅብ ወደ መብራት ሲሄድ፣
አዲስ ተለማማጅ የምትማጠን መስሎት፣
በሩ ላይ ይቆማል እስክትጨርስ ጸሎት።
እኔ አውቃለሁ ሕጉን፤ ታጥቦ የጨረሰ፣
እጁን ዝቅ ያረገ ያው ነው፣ የረከሰ።
ሰባት ተኩል ጓንት ዘርግቼ ሳጠልቅህ፣
«ሲስተር ዘርፌ፣ እንግባ» ይኸው ነበር ቃልህ።

ከዚያ አንድ ሐሙስ
የኦክስጅኑ ሲሊንደር ባዶ ሆኖ ተገኘ።
የሰባት ዓመት ልጅ፣ ከልደታ የመጣ፣ ትርፍ አንጀቱ የፈነዳ፣
ስሙን እኔም አንተም እስከ ዛሬ አንጠራው፣
ጠረጴዛው ላይ ቀረ።
ጓንትህን ሳታወልቅ ደረጃውን ወረድክ፤
የግዥ ክፍሉን በር በክርንህ ገፋህ።
«ፊርማ ይቀረዋል» አሉህ።
ፊርማ!
«ቁስሉ እላይ ነው ለካ» ብለህ ወጣህ።

መጀመሪያ ቸርችልን ሽቅብ፣ ማዘጋጃ ቤቱ፣
ከሰዓቱ ማማ ስር ምክር ቤት መግባቱ።
ቀጥሎ ክልል ሄድክ፣ የቢሮ ኃላፊ፣
በበረዶ ሣጥን ክትባት አሳላፊ።
ያኔስ ደብዳቤህ ላይ ጭቃ ነበረበት፤
«ሦስት ወረዳ ኩፍኝ ቀረ» ብለህ ጻፍክበት።
ለማደንዘዣው ሐኪም ለጉልላት አነበብኩለት፤
ልብስ መቀየሪያው ጋ ቆመን አለቀስንበት።

ከዚያ አራት ኪሎ።
ከፒያሳ በእግር ስንት ደቂቃ ነው?
ከአምስተኛ ፎቅ መስኮት ሲያዩት ግን
ሌላ አገር ይመስላል።
የተረኞች ክፍል ቴሌቪዥን፣ ድምፁ ተቀንሶ፣
ግራጫ ሱፍህን አየሁት፣ ሦስተኛ ረድፍ፣ ምሰሶው አጠገብ።
«የምትደግፉ?»
እጅህ ወጣች።
ደረቅ ነበረች።

ስንት ዓመት አነሳሃት፣ ስንት አዋጅ፣ ስንት በጀት፤
ከዚያ ሁሉ ማንሳት ጠብ የሚል ነገር ጠፋበት።
እጅ ማንሳት፣ እጅ መንሳት፣
አንዲት ፊደል መሳት።

እኔም ልዋሽ?
የእህቴን ልጅ ምደባ አስቀይርልኝ ልልህ ደውያለሁ።
ሁለቴ። ጸሐፊህ «ስብሰባ ላይ ናቸው» አለችኝ።
ተቀየምኩህ፤ ኋላ ደግሞ እሰየው አልኩ፣ ባታነሳው።
ከዚያ ደግሞ ተቀየምኩህ።

የኦክስጅን ማምረቻው ገንዘብ ወደ ሌላ ርዕስ ሲዛወር
ተረኛ ነበርኩ፤ ሻይዬ ቀዘቀዘ።
«የምትደግፉ?» አዳራሹ የእጅ ጫካ ሆነ።
«የምትቃወሙ?» ሳል።
«ድምፀ ተአቅቦ?»
አንዲት እጅ። የአጥናፍሰገድ፣ የኛው ዶክተር፣
እስከ ጆሮው ብቻ።
«በአንድ ድምፀ ተአቅቦ፣ በአብላጫ ድምፅ ጸድቋል።»
ተለማማጆቹ አጨበጨቡ፣ «ጀግና!» አሉ።
እኔ አላጨበጨብኩም።
እኛ ቤት ድምፀ ተአቅቦ የለም፤
ወይ ይቀደዳል፣ ወይ ይሰፋል፣
ሆድ ተከፍቶ «እኔ የለሁበትም» አይባልም።
ግን ማታ፣ ለገሃር ታክሲ ተሰልፌ፣
ያቺ እጅ ዓይኔ ላይ እየመጣች
ተራዬን ሁለቴ አሳለፍኩ።

በሚቀጥለው ምርጫ ስምህ አልነበረም።
ሊፍቱ የተበላሸ ለት፣ ሰኞ ነው፣
አምስት ፎቅ በእግርህ፣ እያለከለክ መጣህ፤
ሹፌር የለ፣ ጸሐፊ የለ፣ ፌስታል ውስጥ አረንጓዴ ልብስህ።
ውሃም ሄዷል ያን ቀን።
በጆግ አፈሰስኩልህ።
አምስት ደቂቃ ነው ደንቡ፤ ሰዓቴን አየሁ፤
ስድስት፣ ሰባት፤ ጥፍርህን ደግመህ ደጋግመህ፣
«ይበቃል ዶክተር» አልኩህ፤ «ገና ነው» አልክ፤
ሁለተኛ ጆግ ጨረስን።
ጓንቱን ዘረጋሁ፦ ሰባት ተኩል ጠበበህ።
ወንበር እጅም ያወፍራል ለካ፤
ሳቅኩ፣ አንተም ሳቅክ፣
«ቆይ፣ ስምንት ላምጣ» ብዬ ሮጥኩ።

ስመለስ እዚያው ነህ፣ ሁለት እጅህ ሽቅብ፣
ዝቅ አላደረግካቸውም፤
ወለሉ ላይ
ጠብ

ጠብ