ፍሬን ሠሪው ጋሪ ሲመርጥ

ጣርማበርን ወርዶ ጎማው ጭስ ሲተፋ፣
ሹፌር በሬ ላይ ነው ጥሩንባ የሚነፋ።
«ታምቡሩ ጋለብኝ፣ ሸራውን እስቲ እየው!»
ከሥር እገባለሁ፤ በሽታው ነው የምለየው።
ዐሥራ ሰባት ዓመት፣ በደብረ ሲና ዳገት፣
በጄ ያላለፈ የለም የመኪና ዐይነት።

ዛሬ ግን ቅዳሜ ሱቄን ዘግቻለሁ፤
ደብረ ብርሃን ወጥቼ ጋሪ እመርጣለሁ።
የፈረስ አይደለም፣ ገብስ አይጫንበት፤
ሦስት ኪሎ ምናምን ሰው ነው የሚተኛበት፣
ስም ገና ያልወጣለት፣ ያልመጣ ካለበት።

ውባለም «ተው» ብላ ነበር፤ «ሳይወለድ አይገዛም፤
ላልደረሰ እንግዳ ወንበር አይያዝም።»
ደግ ወግ ነው፣ አልነቅፍም። እኔ ግን ፍሬን ሠሪ ነኝ፤
መኪና ካመለጠ ወዲያ መፍቻ አይጠቅመኝ።

ጠባሴ አስፋልት ዳር፣ ልሳኑ ሸራ ወጥሮ፣
ያገለገሉ ጋሪዎች ደርድሯል፣ በገመድ አሳስሮ።
«ይቺ የውጭ ናት» አለኝ፣ «ቀለሟ ሰማይ፤
ጥላዋን ዘርግተህ ጨርቋን ዳስሰህ እይ።»
እኔ ጨርቅ አላይም።
ተንበርክኬ ገባሁ እንደለመድኩት ከሥር፤
ብሎኑን፣ ማጠፊያውን፣ የጎማውን እግር።
ፍሬኑን ረገጥኩት፤ ቀጭ አለ፤ ያዘ መሰለኝ፤
ገፋሁት።
ሄደ።
ልሳኑ ሳቀብኝ።
«ምን ቸገረህ ወንድሜ? አገሩ ሜዳ ነው!»
«የኔ ቤት» አልኩት «ከቁልቁለቱ አፍ ላይ ነው፤
በሬ ላይ የወደቀ ሎሚ፣ ሸዋ ሮቢት ነው የሚገኘው።»

ሁለተኛው ፍሬኑ ደኅና፣ ማጠፊያው ግን ይከዳል፤
ልጅ እንደተኛበት እንደ መጽሐፍ ይከደናል።
ሦስተኛዋ ቡናማ፣ መልከ ጥፉ፣ ጥላዋ የተጣፈ፣
ቀበቶዋ ባለ አምስት ማሰሪያ፣ አንዱም ያልረገፈ።
ፍሬኗን ረገጥኩት፤ ገፋኋት በጉልበቴ፤
እንደ በቅሎ እምቢ አለች።
ገባች ከአንጀቴ።
«እሷ እኮ አታምርም» አለ፣ ብሩን እየቆጠረ።
ሲያምር ያየሁት ፍሬን መቼ ነበረ?

ከዚያ ወደ አናጢው፣ ወንድይፍራው ጋ ዘለቅሁ፤
ፍቅፋቂ ላይ ቆሜ የሠራውን አልጋ አየሁ።
ማለፊያ ነው፣ የጸዳ፤ ጫፍ ጫፉ ጉልላት አለው።
«ጉልላቱን ቁረጠው፤ ልብሱን አንቆ ይይዘዋል።
ቀለሙንም ተወው፤ ጥርስ ሲያወጣ ይግጠዋል።»
ከኪሴ የለስላሳ ጣሳ አወጣሁ፣ ባዶ፤
በርብራቡ መሃል ገፋሁት።
አለፈ ወዲያ ማዶ።
«ጣሳ ነው እኮ» አለኝ።
«ጣሳ ባለፈበት ገላ ያልፋል፤
ገላ ባለፈበት፣ ወንድይፍራው፣ አንገት ይቀራል።»

መጋዙን አስቀመጠ። አልተከራከረ።
ከንፈሩ እየሠራ በጣቱ ቆጠረ፤
ለነማን፣ በየት ሰፈር፣ ስንት ሸጦ እንደነበረ።
«ያንተን ለሐሙስ» አለኝ፤ «ነገ ሥራ የለኝም፤
እዞራለሁ።»
የት እንደሆን አልጠየቅሁትም።

ማታ ጋሪዋን በራችን ላይ ቁልቁል አቆምኳት፤
ባቄላ በከረጢት፣ ሦስት ኪሎ ተኩል ጫንኩባት፤
በአምስቱም ማሰሪያ ጠፍሬ አሰርኳት።
ከታች ቁጭ አልኩኝ፣ እንደ ታኮ ድንጋይ፤
ተሳቢ ሲያልፍ መሬቱ ይንቀጠቀጣል፤ ትሄድ እንደሁ ላይ።

አልሄደችም።

ውባለም በሩን ተደግፋ፣ አንድ እጇ ሆዷ ላይ፣
ቆይታ ቆይታ ወደ ውስጥ ገባች፤
ትንሽ ብርድ ልብስ፣ መቼ እንደገዛችው እንጃ፣ ይዛ ተመለሰች።
«ይበርደዋል» አለች፤ ባቄላውን አለበሰች።
እስከ ከረጢቱ አፍ ጎትታ ሸፈነችው።
«ፊቱን ተይለት» አልኳት፤ «ይተንፍስበት።»

ዝቅ አደረገችው።