ግራ የገባው ብርሃን

ገና ሳይነጋጋ፣ ጣና ዳር ወርዳለች፤
ዓሣ ለሚበልቱት «ቆዳውን ለኔ» ትላለች።
ይስቃሉ ልጆቹ፤ «ዶክተር፣ ለድመት ነው?»
«ለድመት አይደለም፤ ለአማላጅ ነው።»
አንዱ የቀረሶ ቆዳ በፌስታል ጠቅልሎ፣
ሌላው «ሥጋውንስ ማን ይብላልሽ?» ብሎ፣
ሲመርቁላት፣ ሲቀልዱባት፣
እኔ ባልዲ ይዤ ከኋላ ስከተላት።

አንለይ እባላለሁ። ብርጭቆ አጣቢ ነኝ፤
ቤተ ሙከራው ውስጥ አሥራ አራት ዓመት አለኝ።
«እጆችህን» አለችኝ አንድ ቀን፣ «ጠረጴዛው ላይ ዘርጋ፤
አንዱን በሌላው ላይ ደርበህ አስጠጋ።»
ደረብኩ። አውራ ጣቴ ወዲያና ወዲህ ሄደ፤
መንታ የመሰለኝ እጅ እርስ በርሱ ተካካደ።
«ሞለኪውልም እንዲህ ነው፤ ቀኝ አለው፣ ግራ አለው፤
አንዱ ሕመም ሲያሽር፣ መንታው ይጎዳል ሰው።»

ሁለት ጠርሙስ ከፍታ አስሸተተችኝ።
አንዱን ስስበው ብርቱካን፣ የዘጌ ጓሮ ደረሰ፤
ሌላውን ስስበው ጥድ፣ የተላገ ጣውላ ነፈሰ።
«ያው ናቸው፤ ልዩነቱ ግራና ቀኝ፤
አፍንጫህም እጅ አለው» ብትለኝ፣
ሳምንቱን አፍንጫዬን ስዳብስ ከረምኩ።
ጣት ግን አላገኘሁም።

ብልቃጥ አድልዎ አያውቅም። ቀላቅለህ ብትተወው፣
ግማሹ ቀኝ፣ ግማሹ ግራ፣ እኩል ነው የሚወልደው።
ለዚህ ነው አማላጁ። ከዓሣው ቆዳ ወጥቶ፣
ታጥቦ፣ ተጣርቶ፣ ነጭ ዱቄት ሆኖ መጥቶ፣
አሴቶንን መርቶ፣ በአልዲሃይድ ደጅ ቆሞ፣ ለምኖ፣ አባብሎ፣
የቀኙን በር ዘግቶ፣ «በግራ ግቡ» ብሎ፣
ሁለቱን አጋብቶ፣ ድግሱን ሳይበላ፣
እንደገባ ይወጣል፤ ይሄዳል ወደ ሌላ።

ባንቺአምላክ ግራኝ ናት። አንድ ማታ መብራት ጠፋ፤
ጄኔሬተሩ ሳል ሳል ብሎ ተኛ።
ሻማ ክልክል ነው፣ አሴቶን እሳት ይሰማል፤
በስልኬ ብርሃን ተቀምጠን አወጋችኝ፦
«አባቴ የደቅ ሰው ነው፣ ታንኳ ሠሪ።
ይህችን እጄን በሻሽ ጠፍሮ አሳደገኝ፤
በቀኝሽ ብዪ፣ በቀኝሽ ጻፊ፣ ግራ አይባረክም እያለኝ።
ክፉ አልነበረም። ግን ደንገል ሲያስር አየሁት፤
ያለ ግራ እጁ ቋጠሮ ሲያጠብቅ አላገኘሁት።»

ሦስት ቀን ብልቃጡ ከዓሣ ነጋዴው በረዶ ውስጥ ሰነበተ፤
ነጋዴው ምን እንደሆነ አልጠየቀ፤ ብቻ ኪራዩን አነሳ፣ አከተተ።
በአራተኛው ቀን አሮጌው ፖላሪሜትር ላይ ጎንበስ ብላ፣
አንድ ዓይኗን ጨፍና፣ ቁልፉን በቀስታ አሽከርክራ፣
«ግራ ገባው! አንለይ፣ ግራ ገባው!» ብላ ጮኸች።
«ማን?»
«ብርሃኑ!»
ጥበቃው ብርሃኑ መስሎኝ ወደ በሩ ሮጥኩ።
እሱ ወንበሩ ላይ ሬዲዮኑን ታቅፎ አንቀላፍቷል፤
ግራ የገባኝስ እኔ ነበርኩ።

ከመቶው ዘጠና አንዱ ግራ፣ ዘጠኙ ቀኝ።
«ዘጠኙስ?» አልኳት።
«ዘጠኙ የከርሞ ሥራ ነው» አለችኝ።
ከዚያ ዝም አለች፤ በመስኮቱ ሐይቁን አየች፤
ታንኳ አልነበረም፣ የሞተር ጀልባ ብቻ ወደ ደሴቶቹ ይጓዛል።
«አማላጁ ለምን ወደ ግራ አደላ? ዓሣው ግራኝ ስለሆነ ነው።
ዓሣው ብቻ አይደለም። የሥጋችን አሚኖ አሲድ ሁሉ፣
ያንተም፣ የጥበቃውም፣ የዚያ ወፍ፣ የጉማሬው።
ሕይወት ሲጀመር በግራዋ ነው የተነሳች፤
ለምን እንደሆነ ማንም አያውቅም።
አባቴም፣ ከፀጉሩ እስከ ጥፍሩ፣ ግራኝ ነበር።
ሳልነግረው ሞተ።»

መዝገቡን ስባ ጻፈች። በግራዋ።
ቀለሙ ገና እርጥብ ነው፤ እጇ ከኋላው ሲያልፍ ጠረገው፤
ዘጠና አንዱ ጭራ አወጣ፣
የእጇ ጠርዝ ሰማያዊ ሆነ።
እኔ ብልቃጡን አጠብኩ።
የዓሣው ሽታ ግን በሁለቱም እጆቼ፣
እኩል፣ ግማሽ ለግማሽ።