እባክዎ አይንኩ

ከየአቅጣጫው ሥዕል ተጭኖ ባሕር ዳር የገባ ጊዜ፣
ካፖርት ሰጡኝ፣ ባትሪ ሰጡኝ፤ አንዲት ቃል ነች ትእዛዜ፦
«እባክዎ አይንኩ»።
ሃያ ቀን ሙሉ አልኳት፤ አፌ እንደ ዳዊት ለመዳት፤
ሚስቴ ሌሊት ብርድ ልብሱን ስትስብ፣ በእንቅልፌ «አይንኩ!» አልኳት፣
በአንቱታ።

በስተግራ ከእንጅባራ የመጣ አንድ ፈረስ ቆሟል፤
ቀለሙ ከአንገቱ ሥር ያልደረቀ ላብ ይመስላል።
ከጎኑ የጉሙዟ ልጅ ሥራ፦ የትከሻ በትር፣ ሁለት ቅርጫት፤
ተሸካሚዋ ግን የለችም።
ያየ ሁሉ፣ ሳያውቀው፣ የራሱን ትከሻ ይዳብሳል፤
ያንን አልከለክልም።
እንቦጭ ጨፍልቆ ወረቀት ያደረገ የጎርጎራ ልጅም አለ፤
አንድ ዓሣ አስጋሪ አይቶት፣ «ይኼን ጠላት ደግሞ
በመስታወት ከለላችሁለት?» አለ።

መሐሉ ላይ፣ ከጣሪያው በሽቦ፣ ታንኳ ተሰቅሏል፤
ከሥሩ ባለች ካርድ «መሻገር። ደንገል፣ ሽቦ፣ ብርሃን» ተብሏል።
የሰዓሊው ስም፣ ዓመተ ምሕረቱ። በቃ።

ሐሙስ ለት ሱሪው እስከ ጉልበቱ የረጠበ ሽማግሌ ገባ፤
ፈረሱን አለፈ፣ በትሩን አለፈ፣
ከታንኳው ሥር ቆሞ አንጋጠጠ።
«ይቺ የእጄ ናት» አለኝ፤ «ግራኝ ነኝ፤ ቋጠሮዬን እየው፣
የሌላው ሰው ወደ ቀኝ ነው፣ የእኔ ወደ ግራ ነው የሚዞረው።
ልጁ ሲገዛኝ እንጨት ሊጭንባት መስሎኝ።»
እጁ ተነሣ።
ቃሏ ቀደመችኝ፤ «እባክዎ…»

እጁን መለሰ። አልተቆጣም።
«የእኔዎቹ ውኃ ጠጥተው ሁለት ወር ሳይሞላቸው ይበሰብሳሉ፤
ይቺ ሳትረጥብ ልታረጅ ነው?»
ሳቀ። የምን ሳቅ እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።
ዳርጌ እባላለሁ ብሎኝ ወጣ፤
ካርዷን ዞሬ አየሁ፤ ቦታ የላትም።

ማታ በሩን ቆልፌ በባትሪ ቋጠሮዎቹን ቆጠርኩ፤
ዐርባ አንድ፣ ሁሉም ወደ ግራ።
ወንበሬ ላይ ወጥቼ ከሃይላንዴ ጥቂት አፈሰስኩ።
ደንገሉ ጠጣ።
አዳራሹ ሐይቅ ሐይቅ ሸተተ፤
በጎርፍ ጊዜ እንደሚሸተው፣ ጭቃ ጭቃ፣ ዓሣ ዓሣ።

ጧት ኃላፊዋ ገባች፤ አፍንጫዋን ነፋች፤
«ማን ነክቷል?»
«ማንም» አልኩ።
ወለሉ ላይ ያልደረቀ አንድ ጠብታ ነበር፤
በጫማዬ ቆምኩበት።